ባልጩት ፍለጋ ወደ ኦቾሎ

በአሜሪካ የኮሎራዶ ተራሮች ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ ብዙ የማዕድን ጉድጓዶች አሉ። ዛሬ የዚያ አገር ወጣቶች የዕረፍት ቀናቸውን በሞተር የድሮውን የበቅሎ መንገድ እየተከተሉ እነዚያን ጉድጓዶች በማየት ያሳልፋሉ። በእኛ አገር «የድሮ ማዕድን» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የአዶላን ወርቅ ነው። ጋሞ ውስጥ ግን ሞተር ያለው ወጣት ከወርቅ በብዙ ሺህ ዓመት የሚቀድም ማዕድን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይችላል። ማዕድኑ ድንጋይ ነው፤ በአማርኛ ባልጩት የምንለው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው በቀኙ የአባያ ሐይቅ፣ በግራው ደግሞ እንደ ግድግዳ የቆመ ተራራ ያጅቡታል። ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ እ.ኤ.አ. በ1896 እዚህ ደርሶ ሐይቁን በንግሥቱ ስም «ማርጋሪታ» ብሎት ነበር፤ ስሙ የቆየው በካርታ ላይ ብቻ ነው። ኦቾሎ የተሠራው ከዚያ ግድግዳ ላይ ብቅ ባለው አለት ጫፍ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ሲሆን የመንደሩ የላይኛው ክፍል 2,000 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ሞተሩ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣዋል። የቀድሞዎቹ ሰዎች ይህንኑ ዳገት በእግራቸው ይመላለሱበት ነበር፤ እርሻቸው ቆላ፣ ጥጡም ቆላ፣ ቤታቸው ግን ከወባና ከጠላት ርቆ አለቱ ላይ።

አለቱም ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። በስንጥቁ ሽኮኮ ይኖራል፤ ምሳሌ 30 ላይ ቤቱን በቋጥኝ ውስጥ ያደርጋል የተባለለት ያው ሽኮኮ። በዚያው ስንጥቅ የምትራባ የአሸዋ ዝንብ ከሽኮኮው ወስዳ ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ በሽታ ወደ ሰው ታስተላልፋለች። የኦቾሎ ልጆች ፊት ላይ የሚታየው ጠባሳ ከእርሱ የቀረ ነው። ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሐኪሞች ሲያጠኑት ኖረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ማርክ አቤሌስ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ እዚህ መጣ። የመጣው የኦቾሎ ሰዎች ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ተቀምጠው እንዴት ተከራክረው እንደሚወስኑ ለማየት ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። የሚገርመው፣ ይኸው ሰው ኋላ ላይ የፈረንሳይን ምክር ቤትና የአውሮፓን ፓርላማ አጥንቷል፤ የሸንጎን ነገር የተማረው ግን መጀመሪያ ኦቾሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። እኛ በዚህ እንኮራለን። ኩራቱ ሙሉ እንዳይሆን የሚያደርግ ነገር ግን አለ። በዱቡሻው የመናገር መብት የማላ፣ ማለትም የባለ መሬቱ ገበሬ፣ ነበር። ሸክላ ሠሪው ማና፣ ቆዳ ፋቂውና ብረት ቀጥቃጩ ደጋላ ድምፅ አልነበራቸውም፤ መሬትም፣ ከማላ ጋር ጋብቻም አልነበራቸውም።

ባልጩቱን የሚያውቁት እነዚህ ናቸው።

የጋሞ ቆዳ ፋቂ ከጥሬው ቆዳ ላይ ስቡን የሚፍቀው በብረት አልነበረም፤ ራሱ ጠርቦ በሠራው ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ከወንዝ ሸለቆ ቆፍሮ ያመጣል፣ ቅርጽ ያወጣለታል፣ በእጀታ ያስገባዋል። እጀታው ሁለት ዓይነት ነው፦ ዙካኖ የሚባለው ሁለት ስለት በዛፍ ሙጫ ተጣብቆ የሚይዝ ሲሆን፣ ቱቱማ ያለ ሙጫ አንድ ስለት ብቻ ይይዛል። ካትሪን አርተር የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይህን ሙያ ከባለሙያዎቹ እግር ሥር ተቀምጣ ተምራለች። ኦሪት ዘጸአት ላይ ሲፓራ በእጇ የያዘችው ባልጩት ለብዙዎቻችን የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው፤ ለደጋላ አባቶች ግን የትናንት ሥራ። አማርኛችን ለዚህ ሙያ ያለው ስም «ፋቂ» ስድብ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

አንድ አዛውንት ሸለቆውን ሲያሳዩኝ፣ «አባባ፣ ይሄኛውስ?» ብዬ ከላይ የወደቀ የሚያምር ድንጋይ አነሣሁ። «ተወው ልጄ፣ እሱን ፀሐይ ገድሎታል» አሉኝና ከእርጥቡ አፈር ሌላ አወጡ።

አሁን ወደ ሞታ ዋሻ እንሻገር፤ እርሱም በዚሁ በጋሞ ደጋ ነው። የአካባቢው ሽማግሌዎች በጦርነት ጊዜ ይሸሸጉበት የነበረውን ይህን ዋሻ ለአርተርና ለባልደረቦቿ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲቆፈር ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አፅም ተገኘ። በጋሞኛ «ባይራ»፣ በኩር ማለት ነው፣ ብለው ሰየሙት። ከጆሮው አጥንት የተወሰደው የዘር ቅንጣት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ከዛሬ ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርቡት አሪዎች ሆነው ተገኙ።

በዚያው ዓመት የለንደን ተመራማሪዎች የአሪን አንጥረኞችና ገበሬዎች የዘር ቅንጣት አነጻጸሩ። ከድሮ ጀምሮ አንድ አስተሳሰብ ነበር፦ አንጥረኞቹ ሌላ ሕዝብ ናቸው፣ ገበሬው መጥቶ ያገኛቸው የጥንት ነዋሪዎች ቅሪት ናቸው የሚል። ውጤቱ ይህን አልደገፈም። ሁለቱም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፤ አሁን የሚታየው ልዩነት የመጣው አንጥረኞቹ ተገልለው እርስ በርስ ብቻ ስለተጋቡ ነው። ማለትም መገለሉ ልዩነቱን ወለደ እንጂ ልዩነቱ መገለሉን አልወለደም። ጥናቱ የአሪ እንጂ የጋሞ አይደለም፤ ሆኖም «ዘራቸው ሌላ ነው» የሚለውን ወሬ በእኛም ሰፈር የሰማ ሁሉ ሊያነበው ይገባል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ለደጋላና ለማና መሬት የማግኘትን በር ከፈተ። ጋብቻውን ግን አዋጅ አልነካውም። አንድ የማውቀው የወጣቶች ቡድን ውስጥ ሁለት ልጆች ለመጋባት ተስማምተው ነበር። በአንድ ማዕድ ይቆርሳሉ፣ በአንድ መዘምራን ይዘምራሉ። የልጅቷ ዘመዶች የልጁን አያት ሙያ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ነገሩ እዚያው ቀረ። ማንም ምክንያቱን ጮክ ብሎ አልተናገረም። ልጁ አሁንም ኪቦርድ ይጫወታል። በቤታቸው ግድግዳ ላይ የአያቱ ዙካኖ ተሰቅሏል፤ ቆዳ ምንጣፉን ፕላስቲክ ከተካው ወዲህ ግን የሚፍቅበት የለም። ድንጋዩ ከየትኛው ሸለቆ እንደሚወጣ የሚያውቁት አያቱ ናቸው፤ እስካሁን የጠየቃቸው የልጅ ልጃቸው ብቻ ነው።