የዕቃ ማጠቢያ መኪና ታሪክ፤ ከሆቴል ወጥ ቤት እስከ መኖሪያ ቤት

የቤት ዕቃ ታሪክ በታሪክ ተማሪዎች ዘንድ እንደ ነገሥታትና እንደ ጦርነት ታሪክ አይመረመርም። ይሁን እንጂ አንድ መኪና ወደ ወጥ ቤት ሲገባ የውሃው፣ የገንዘቡና የሴቶች ጉልበት ነገር አብሮ ስለሚነሣ፣ ጉዳዩን መናቅ አይገባም። ስለዚህ የዕቃ ማጠቢያ መኪና በአሜሪካ እንዴት እንደ ተጀመረና ወደ መኖሪያ ቤት ለመግባት ስለ ምን ብዙ ዘመን እንደ ፈጀበት እንመለከታለን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1850 ጆኤል ሀውተን የተባለ አሜሪካዊ ከእንጨት ለተሠራና በእጅ ለሚዞር መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። ይህ መሣሪያ በሳህኖቹ ላይ ውሃ ይረጭ ነበር እንጂ በደኅና ያጥባል የሚያሰኝ አልነበረም። ለሥራ የበቃውን መኪና ያወጡት በኢሊኖይ በሼልቢቪል ከተማ ይኖሩ የነበሩት ወይዘሮ ጆሴፊን ኮክሬን ናቸው፤ መብቱም የተሰጣቸው በዲሴምበር 28 ቀን 1886 ነው።

ስለ እኒህ ሴት ዘወትር የሚነገረው፣ አሽከሮች ውድ የቻይና ሸክላ ሳህኖቻቸውን እየሸረፉ ስላስቸገሯቸው መኪናውን ፈለሰፉ የሚል ነው። ይህ በእኛ አስተያየት የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። ባለቤታቸው በ1883 ሲሞቱ ዕዳ ትተውላቸው ነበርና፣ ሥራው የባለጸጋ እመቤት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የመበለት እንጀራ ሆነ። ወይዘሮዋ ሳህኑንና ሲኒውን እየለኩ በየመጠኑ የሽቦ ማቀፊያ አሠሩ፤ ማቀፊያዎቹም በመዳብ ጋን ውስጥ በተኛ መንኮራኩር ዙሪያ ተደረደሩ፤ መንኮራኩሩ ሲዞር ትኩስ የሳሙና ውሃ ይረጭባቸዋል። በሥራው ጆርጅ በተርስ የተባለ መካኒክ ረድቷቸዋል። የፈጠራው ቁም ነገር፣ ሳህኑን የሚያነጻው ብሩሽ ሳይሆን የውሃው ግፊት መሆኑ ነው፤ እስከ ዛሬም መሠረቱ ይኸው ነው።

ይሁንና መኪናውን የገዙት ባልትና ያላቸው እመቤቶች ሳይሆኑ ሆቴሎች ነበሩ፤ ከነዚህም አንዱ የቺካጎው ፓልመር ሀውስ ነው። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት ያለ ወንድ አጃቢ የሆቴል አዳራሽ ማቋረጧ እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ ወይዘሮ ኮክሬን ከመፈልሰፉ ይልቅ ለሽያጭ ወደ ሆቴል መግባቱ እንደ ከበዳቸው ተናግረዋል። በ1893 በቺካጎ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን መኪናው ሽልማት አገኘ። ባለቤቲቱ በ1913 አረፉ፤ ኩባንያቸውም በ1926 ወደ ሆባርት ኩባንያ ተዛወረ፤ ኪችንኤድ በሚል ስም ለመኖሪያ ቤት የሚሆን መኪና የወጣው ግን ገና በ1949 ነው። በአውሮፓም እንግሊዛዊው ዊልያም ሃዋርድ ሊቨንስ በ1924 ለቤት የሚሆን ትንሽ መኪና አሳይቷል፤ የጀርመኑ ሚለ ኩባንያም በ1929 በኤሌክትሪክ የሚሠራ አወጣ።

የመዘግየቱ ምክንያት የዋጋ ውድነት ብቻ አልነበረም። መኪናው የሚፈልገውን ያህል ትኩስ ውሃ የሚያፈላ ቤት ጥቂት ነበር። ከዚህም በላይ ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ጠጣር ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሠራል፤ ብርጭቆውም ያደበዝዛል። ተራ ሳሙና ደግሞ በመኪና ውስጥ አረፋ ስለሚያበዛ የውሃውን ግፊት ያዳክማል። ስለዚህ አረፋ የሌለው ልዩ ዱቄት አስፈለገ፤ ካስኬድ የተባለው በ1955 ለገበያ ቀረበ። እንዲህ ያሉት ዱቄቶች ውሃውን የሚያለሰልስ ፎስፌት ነበረባቸው፤ ነገር ግን ፎስፌቱ ወደ ሐይቅ ሲገባ አልጌን ያበዛል። በዚህም ምክንያት በ2010 16 የአሜሪካ ክፍለ ሀገሮች ከለከሉት፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2017 ወሰን አደረገበት።

እንግዲህ መኪና የሚመርጥ ሰው፣ ሻጩ ስለ ቀለሙና ስለ ቁልፎቹ ብዛት ሲነግረው፣ አስቀድሞ የቤቱን ውሃ ቢጠይቅ ይሻለዋል። በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ውስጥ ካልሲየሙን የሚይዝ ሬዚን አለ፤ ጨው የሚጨመርበትም ወጥ እንደሚጣፍጥ ሳይሆን ይህ ሬዚን ኃይሉን እንዲያድስ ነው። ጨው ማለቁን ያልተከታተለ ሰው ብርጭቆው ሲነጣ መኪናውን ይወቅሳል። የእንጨት እጀታ ያለው ቢላዋና የብረት ምጣድ ግን ዛሬም የእጅ ሥራ ናቸው።

ጉልበትን በሚመለከት፣ የታሪክ ሊቅ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ የቤት መኪናዎች የእመቤቲቱን ሥራ እንደሚታሰበው አላቀለሉም ብለዋል። ለዕቃ ማጠቢያውም ይህ አባባል ይሠራል እንላለን፤ ፍርፋሪውን የሚጠርግ፣ የሚደረድርና የሚያወጣ እጅ ያስፈልገዋልና፤ አሽከር በሌለበት ቤት ደግሞ ያ እጅ አብዛኛውን ጊዜ የማን እንደ ነበረ አያጠያይቅም። በ2013 በአሜሪካ ሥራ ላይ የዋለ ደንብ መደበኛ መኪና በአንድ እጥበት ከ19 ሊትር ያህል እንዳያልፍ ወሰነ። ውሃው ሲቀነስና በፎስፌት ፋንታ ኤንዛይም ሲገባ፣ ኤንዛይም ለሥራው ጊዜ ይሻልና፣ የእጥበቱ ሰዓት ረዘመ፤ ገዢዎችም አሮጌው መኪና ይፈጥን ነበር ማለት ጀመሩ።