ከብስክሌቱ የቀደመ ጎዳና

በሰሜን እንግሊዝ፣ በማንቸስተርና በሼፊልድ መሃል የተዘረጋው ደጋ ፒክ ዲስትሪክት ይባላል። አናቱ ላይ ዛፍ የለም። የሚታየው ነፋስ የሚነዳው ጭጋግ፣ ጥቁር ረግረግና ሄዘር የሚባል ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ የአስታ ዘመድ ቁጥቋጦ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጭቃ የለበሱ የተራራ ብስክሌተኞች ይርመሰመሱበታል። ብዙ ሰው ስፖርቱ በ1980ዎቹ መጣ፣ መንገዱም ለስፖርቱ ተጠረገ ብሎ ያስባል። ብስክሌቱ በእርግጥ አዲስ ነው፤ የሚሄድበት ጎዳና ግን ብዙ መቶ ዓመታት አስቆጥሯል። በዚያ ጎዳና ማን ይለፍ የሚለው ሙግትም አብሮት አርጅቷል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኤዴል ሸለቆ ወደ ሄይፊልድ የሚያሻግረውን አቀበት እንመልከት። ስሙ የያዕቆብ መሰላል ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ጃኮብ ማርሻል የተባለ የአካባቢው ሰው በጭነት ፈረሱ ይመላለስበት ነበር። እንደሚነገረው ፈረሱ በጠመዝማዛው መንገድ ጭነቱን ይዞ ቀስ እያለ ሲወጣ፣ እሱ ራሱ በቆፈረው ደረጃ ቀጥ ብሎ ይወጣና ላይ ተቀምጦ ፒፓውን እያጨሰ ይጠብቀዋል። ደረጃውም ጠመዝማዛውም ዛሬ አሉ። ግርጌው ላይ ያለችው የድንጋይ ድልድይ ጠባብ ናት፤ በዚያ ዘመን የጭነት ፈረስ ድልድይ ሲሠራ ከፈረሱ ጎን የተንጠለጠለው ጭነት እንዳይነካ የዳርና ዳሩ ግንብ ዝቅ ተደርጎ ነበር። የእኛ ሲራራ ነጋዴ አሞሌውን በበቅሎ ያጓጉዝ እንደነበረው ሁሉ፣ የቼሽር ጨውም በፈረስ ጀርባ የፔናይን ተራሮችን አቋርጦ ወደ ዮርክሽር ይሄድ ነበር። ሱፍና ጨርቅም እንዲሁ። መሪው ፈረስ ቃጭል ያስራል፤ ሌሎቹ በጭጋግ ውስጥ ድምፁን እየተከተሉ ይሄዳሉ። ረግረጉ በሚከፋበት ቦታ አንድ ረድፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ ነበር። ሰኮና መሃሉን ያጎደጎደው ድንጋይ አሁንም በየቦታው አለ፤ የብስክሌት ጎማም ያንኑ ጉድጓድ ይዞ ይሄዳል።

ከዚያ የቀረጥ መንገድ፣ የውኃ ቦይ፣ በመጨረሻም ባቡር መጣና የጭነት ፈረስ ሥራ ፈታ። በዚያው ዘመን የጋራ ግጦሽ የነበረው ደጋ በፓርላማ አዋጅ እየታጠረ የባለርስቶች ንብረት ሆነ። ባለርስቶቹ ከደጋው የፈለጉት ግራውስ የምትባለውን ቆቅ መሰል ወፍ ነበር። የአደኗ ወቅት ኦገስት 12 ቀን ይከፈታል፤ ወፏ እንዳትደናገጥ ሲባል ሰው ከደጋው ይባረር ነበር። የማንቸስተር የፋብሪካ ሠራተኛ ከመስኮቱ የሚያየው ተራራ ላይ መውጣት የማይችልበት ዘመን እንዲህ ጀመረ።

ብስክሌት የመጣው በዚህ መሃል ነው፤ ያን ጊዜም ለዝቅተኛው ሠራተኛ ከጢስ የማምለጫ መንገድ ሆነ። በ1894 በርሚንግሃም ውስጥ ክላሪየን የተባለ የሶሻሊስት ብስክሌተኞች ክበብ ተመሠረተ። ከጥርጊያ ውጭ መንዳትን ያስለመደው ግን ዌይፋረር በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ደብልዩ ኤም ሮቢንሰን ይመስለኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው ይህ ሰው በማርች 1919 ከጓደኞቹ ጋር በዌልስ የበርዊን ተራሮችን በበረዶ ውስጥ፣ ብስክሌቱን ግማሹን እየገፋ፣ ግማሹን እየተሸከመ አቋረጠ። ስለ ጉዞው የጻፈው ጽሑፍ በብስክሌተኞች መጽሔት ሲወጣ ብዙዎች እሱ የሄደበትን ለመሄድ ተነሱ። በ1955 አስቸጋሪ መንገድ የሚወዱ ብስክሌተኞች የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩ እስከ ዛሬ አለ። የመጀመሪያዎቹ አባላት ወፍራም ጎማም፣ ንዝረት የሚያበርድ ሹካም አልነበራቸውም።

ለደጋው በተደረገው ሙግት ትልቁ ቀን ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1932 መጥቶ ነበር። ቤኒ ሮትማን የ20 ዓመት የማንቸስተር ወጣት ነበር። በኪንደር ስካውት ተራራ ላይ በጅምላ ያለፈቃድ ለመግባት ከጓደኞቹ ጋር ጥሪ አሰራጨ። ፖሊስ በባቡር ጣቢያ ሊይዘው ሲጠብቅ እሱ በብስክሌት ሄይፊልድ ደረሰ። ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች ተራራውን ሲወጡ ከዴቮንሺር መስፍን የአደን ዘበኞች ጋር ተጋፉ። በዚያ ሰበብ አምስት ወጣቶች ከ2 እስከ 6 ወር እስራት ተፈረደባቸው፤ ሮትማን 4 ወር ታሠረ። ቅጣቱ ከድርጊቱ ጋር የማይመጣጠን መሆኑ በአገሩ ሁሉ ተሰማ፤ ቅጣቱ ባይከፋ ኖሮ ነገሩ ያን ያህል የሚነገር አይመስለኝም። በ2002፣ ሰባኛ ዓመቱ ሲከበር፣ የወቅቱ የዴቮንሺር መስፍን ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ።

በ1949 የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መዳረሻ ሕግ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላም ፒክ ዲስትሪክት የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። የዚህ ሕግ ትልቁ ውጤት ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ካርታው ነው። ሕጉ የየአካባቢው አስተዳደር የሕዝብ መንገዶችን ሁሉ መዝግቦ በካርታ እንዲያወጣ አዘዘ። እያንዳንዱ መንገድ የእግር መንገድ ነው? የፈረስ መንገድ ነው? ወይስ ከዚያ በላይ? ሥራው በአብዛኛው በቀበሌ ምክር ቤቶች እጅ ወደቀ። አንዱ መዝጋቢ የድሮ ሰነድ አገላብጦ የፈረስ መንገድ ብሎ ሲጽፍ፣ ጎረቤቱ በዚያ ሰሞን ያየው እግረኛ ብቻ ስለሆነ የእግር መንገድ ብሎ አለፈ። ስለዚህ የቀበሌ ወሰን ላይ ሲደርስ ስሙ የሚለወጥ መንገድ ዛሬም አለ። ፈረስ ለዘመናት የተጫነበት ጎዳና በአንድ ጽሑፍ የእግር መንገድ ሆኖ ቀረ።

ይህ ለብስክሌተኛው ምን ማለት እንደሆነ የታወቀው በ1968 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የገጠር ሕግ አንቀጽ 30 ብስክሌት በፈረስ መንገድ ላይ እንዲሄድ ፈቀደ፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ግን ቅድሚያ መስጠት ግድ ሆነ። መንገዱን ለብስክሌት እንዲመች የማድረግ ግዴታ በማንም ላይ አልተጣለም። የተራራ ብስክሌት ገና አልተፈጠረም ነበር። በካሊፎርኒያ ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ወጣቶች በአሮጌ ከባድ ብስክሌት የቁልቁለት ውድድር የጀመሩት በ1976 ነው፤ ጆ ብሪዝ ለዚያ ብሎ የሠራው ብስክሌት ቀጥሎ መጣ፤ በፋብሪካ ተመርቶ ዓለምን ያዳረሰው ስተምፕጃምፐር በ1981 ወጣ። ብስክሌቱ እንግሊዝ ሲደርስ የሚሄድበት መብት በሕግ ተጽፎ ጠበቀው። መብቱ ግን በእንግሊዝና በዌልስ ካለው የሕዝብ መንገድ ከአንድ አምስተኛ ብዙም በማይበልጠው ላይ ነው።

ከደጋው ጎዳና ሌላ ብስክሌተኛው የሚነዳበት ደን አለ፤ የደኑ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች መርከቦችን ሲያሰጥሙ ብሪታንያ ለማዕድን ጉድጓዶቿ ድጋፍ የሚሆን እንጨት አጥታ ነበር። በ1919 የደን ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በየደጋው ሲትካ ስፕሩስ የተባለው የጥድ ዘር ረድፍ በረድፍ ተተከለ። በሰሜን ዌልስ ዶልጌላው አጠገብ ያለው ኮይድ ኧ ብረኒን አንዱ ነው። በ1990ዎቹ ኮሚሽኑ የቀጠረው ዳቪድ ዴቪስ እዚያ በብሪታንያ ለተራራ ብስክሌት ተብሎ የተሠራውን የመጀመሪያ የመንገድ መረብ ዘረጋ። ዘዴው ከድሮው ድንጋይ አንጣፊ የራቀ አይደለም። ለስላሳው አፈር ይጠረጋል፤ ድንጋይ በጠርዙ ቆሞ እየተጠጋጋ ይተከላል፤ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ በየጥቂት ሜትሩ መልሶ ትንሽ ከፍ ይላል። ውኃ ያቺ ከፍታ ጋ ሲደርስ መንገዱን ትቶ ወደ ጎን ይፈስሳል፤ ያለዚያ አንድ ክረምት ብቻ መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። በደን ውስጥ ማንም ስለ መብት ሳይከራከር ይህን መሥራት የተቻለው መሬቱ የመንግሥት በመሆኑ ነው።

በ2001 የአፍና የእግር በሽታ የብሪታንያን ገጠር ዘጋ፤ ከብት ታረደ፣ ጎብኚ ቀረ። በደቡብ ስኮትላንድ ሰባት ቦታዎችን ያቀፈው ሰቨን ስቴንስ የብስክሌት መንገዶች ሥራ ከዚያ በኋላ የተዳከመውን አካባቢ ለማነቃቃትም ታስቦ ነበር። ስኮትላንድ በ2003 ባወጣችው የመሬት ሕግ ደግሞ ጉዳዩን ከሥሩ ለወጠችው። መሬቱን እስካልጎዳና ሰውን እስካላወከ ድረስ እግረኛም፣ ፈረሰኛም፣ ብስክሌተኛም በአብዛኛው መሬት ላይ የመሄድ መብት አለው። በእንግሊዝና በዌልስ የ2000ው ሕግ ደጋውን የከፈተው ለእግረኛ ብቻ ነው። ድንበሩን ሲሻገሩ ተራራው አንድ ዓይነት ነው፣ መብቱ ግን ይለያል። እኔ የስኮትላንዱ ይሻላል እላለሁ፤ ጥያቄውን ከወረቀት አውርዶ ወደ መሬቱ ስለሚመልሰው።

መሬቱም ጥያቄ አለው። ፒት የሚባለው ጥቁር አፈር ሣርና ሞስ የሚባለው ተክል ሙሉ በሙሉ ሳይበሰብስ ተከማችቶ የሚፈጠር ሲሆን በዓመት የሚያድገው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የፋብሪካ ጢስ ያቃጠለው፣ በግ የጋጠው፣ እሳት የበላው የኪንደር አናት አንድ ጊዜ ከተገለጠ ዝናብ ያጥበዋል፤ ለዘመናት ያመቀው ካርቦንም ያመልጣል። እግርም ጎማም ይጎዳዋል። ስለዚህ ፔናይን ዌይ በተባለው የእግር መንገድ ላይ ከፈረሱ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካዎች ወለል የተነሳ ድንጋይ በሄሊኮፕተር እየተጫነ ረግረጉ ላይ ተነጠፈ።  ጥገና ራሱ ግን ያጣላል። በ2014 በዚያው አካባቢ ራሸፕ ኤጅ በተባለ ቦታ አስተዳደሩ አስቸጋሪውን ዓለታማ መንገድ በኮረት ሲደለድል ብስክሌተኞች፣ ፈረሰኞችና እግረኞች በአንድነት ተቃወሙት።

የካርታው ጉዳይም አልተዘጋም። የ2000ው ሕግ ከ1949 በፊት የነበሩ ያልተመዘገቡ መንገዶች እስከ 2026 መባቻ ካልተመዘገቡ መብታቸው ይጠፋል ብሎ ነበር። ገደቡ ወደ 2031 ተገፋ፤ በዲሴምበር 2024 መንግሥት ጭራሽ ሊያነሳው እንዳሰበ አስታወቀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ በጎ ፈቃደኞች በየመዝገብ ቤቱ የአጥር አዋጆችንና የአሥራት ካርታዎችን ያገላብጣሉ። በእንግሊዝ ሕግ የሕዝብ መንገድ ሰው ስላልሄደበት ብቻ አይሞትም። በ1790ዎቹ አንድ ጎዳና ፈረስ ይሄድበት እንደነበር ማስረጃ ከተገኘ መንገዱ የፈረስ መንገድ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ ከተመዘገበም በ1968ቱ አንቀጽ መሠረት ብስክሌተኛው አብሮ ያልፋል።