በፎርማጆ ስለ ተጠበሰ ዳቦና ስለ ምግብ አሠራር መጻሕፍት

ዳቦ ቆርጦ በእሳት መጥበስ፥ ፎርማጆም ጭኖበት እስኪቀልጥ መጠበቅ ከቁርስ ሥራ ሁሉ የቀለለ ነው። ይህን ለመሥራት መጽሐፍ የሚያሻው ሰው ያለ አይመስልም። ነገር ግን ይህም ምግብ አሠራሩ በመጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ስለ ምን እንደ ተጻፈ ለማወቅ የምግብ አሠራር ጽሕፈት ከጥንት ጀምሮ ለማን ይጻፍ እንደ ነበረ መመርመር ይገባል።

ዛሬ ከሚታወቁት እጅግ ጥንታውያን ከሆኑት መካከል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1700 ዓመት ገደማ በባቢሎን አገር በሸክላ ላይ የተጻፉት ይገኛሉ። እነዚህም በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀው ይኖራሉ። ዣን ቦቴሮ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ መርምሮና ተርጉሞ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓመት አሳትሟቸዋል። ከሸክላዎቹ አንዱ የ25 ምግቦችን አሠራር ይዟል። ሥጋው፥ ውሃው፥ ስቡ፥ ሽንኩርቱ፥ ነጭ ሽንኩርቱም በየስማቸው ተጠርተዋል፤ ስንት እንደሚገባና ምን ያህል ጊዜ እንደሚበስል ግን አልተነገረም። ጸሓፊው የጻፈው ሙያውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነበርና። ያ ሰው ከሞተ በኋላ ግን ልኩ አብሮ ጠፋ፤ ስለዚህ ዛሬ ያን ወጥ ለመሥራት የሚሞክር ሁሉ በግምት ይሠራል።

ሮማዊው ካቶ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ዓመት ገደማ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ፥ ለአማልክት መሥዋዕት የሚቀርበውን ሊቡም የተባለ ዳቦ አሠራር አስገብቷል። ሁለት ፓውንድ አይብ በሚገባ ይደቅቃል፤ አንድ ፓውንድ ዱቄትና አንድ እንቁላል ይጨመርበታል፤ ተለውሶም በቅጠል ላይ ሆኖ፥ በጋለ ምድጃ ላይ በሸክላ ተከድኖ በዝግታ ይጋገራል። በዚህ ልኩ ተጽፏል፤ የመጋገሪያው ጊዜ ግን አሁንም ለጋጋሪው ዓይን ተትቷል።

ከዚህ በኋላ ብዙ ዘመን አልፎ፥ በ1747 ዓመት ሐና ግላስ የተባለች እንግሊዛዊት በለንደን የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። በመጽሐፉ ላይ ስሟን አላወጣችም፤ በአንዲት እመቤት የተጻፈ ነው ብላ አለፈችው። በመቅድሙም የቤት ሠራተኞች እንዲረዱት በተራ ቃል መጻፏን ገለጠች። ዳቦና ፎርማጆው የዌልስ ጥንቸል ተብሎ የሚገኘው በዚህ መጽሐፍ ነው፤ ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ የጥንቸል ሥጋ የለበትም። ዳቦው በሁለት ወገን ይጠበሳል፤ ፎርማጆው በአንድ ወገን ተጠብሶ ይጫንበታል፤ ሁለተኛው ወገን በጋለ ብረት ይቀላል፤ የወደደም ሰናፍጭ ይቀባዋል። ሊቃውንት ሊጽፉት የማይገባ መስሎ የሚታየው ነገር እንግዲህ የተጻፈው አስተማሪ ለሌላት ሠራተኛ ታስቦ ነው።

ቢሆንም የጎደለ ነበር። ኤላይዛ አክተን የተባለች እንግሊዛዊት በ1845 ዓመት ባሳተመችው መጽሐፍ፥ በየምግቡ መጨረሻ የሚገባውን ነገር ሁሉ ከልኩና ከማብሰያው ጊዜ ጋራ ለይታ ጻፈች። በ1896 ዓመትም በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የምግብ ሙያ ታስተምር የነበረችው ፋኒ ፋርመር፥ መስፈሪያውና ማንኪያው ሞልቶ ከአፉ የሚተርፈው በቢላዋ ተጠርጎ እንዲሰፈር አስተማረች። በዚህም የአንዲት ሴት እፍኝ ከሌላይቱ እፍኝ መለየቱ ቀረ።

በኢትዮጵያም የወጥ ሙያ ከእናት ወደ ልጅ በእጅና በቃል ሲወርድ ኖሯል። ባለሙያይቱ ስንት ጨው እንደምትጨምር ብትጠየቅ የሚበቃውን ያህል ብላ ትመልሳለች፤ መልሷም እውነት ነው፤ ልጅቱ ከአጠገቧ ቆማ ታያለችና። ልጅቱ ወደ ሩቅ አገር የሄደች እንደ ሆነ ግን፥ ወይም እናቲቱ ያረፈች እንደ ሆነ፥ የሚበቃው ምን ያህል እንደ ነበረ የሚነግራት አይገኝም። ስለዚህ ባለሙያይቱ በሕይወት ሳለች የእጇን ልክ ሰፍሮ መጻፍ፥ ፊደል የተማሩ ልጆቿ ሥራ ነው።