ወደ ታች የዞረው መስመር፦ ካርባፔኔምን የተላመደ ክሌብሲዬላ በእስራኤል ሆስፒታሎች

ሆስፒታል ወለድ ባክቴሪያዎች መድኃኒት መላመዳቸውን የሚያሳዩ ግራፎች አብዛኛውን ጊዜ ሽቅብ ብቻ ይወጣሉ። ከመልመዳችን የተነሣ ነገሩን እንደ እርጅና የማይቀር አድርገን ይዘነዋል። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የታየው ግን ሌላ ነው።

ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ በጤነኛ ሰው አንጀት ያለ ጉዳት ይኖራል። ካቴተር ወይም የመተንፈሻ ቱቦ የገባለት አቅመ ደካማ ሕመምተኛ ሲያገኝ ደምና ሳንባ ውስጥ ይዘልቃል። ሌሎቹ መድኃኒቶች እንቢ ሲሉ ሐኪሙ የሚሸሸው ወደ ካርባፔኔሞች ነበር። ኬፒሲ የተባለው ኢንዛይም ግን እነዚህንም ያፈርሳል፤ ዘረመሉ ፕላዝሚድ በተባለ ተንቀሳቃሽ የዲኤንኤ ቁራጭ ላይ ተሳፍሮ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይሻገራል። ኢንዛይሙ መጀመሪያ የታወቀው ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በ1996 ከተገኘ ባክቴሪያ ነው።

በ2006 እስራኤል ውስጥ ካርባፔኔምን የተላመደ ክሌብሲዬላ ወረርሽኝ ተነሣ። እስከ ማርች 2007 መጨረሻ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሕሙማን ተመዝግበዋል። ሆስፒታሎቹ በየፊናቸው ያደረጉት ጥንቃቄ ስላልበቃ የጤና ሚኒስቴሩ ጣልቃ ገባ። ይዞት የመጣው አዲስ መድኃኒት አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር፦ ሆስፒታል የተኛ የባክቴሪያው ተሸካሚ ሁሉ ሪፖርት ይደረግ፣ ለብቻው ይለይ፣ የሚንከባከቡት ነርሶችም ለእሱና ለመሰሎቹ ብቻ ይመደቡ። የመጨረሻው ለሰሚ ቀላል ይመስላል። የነርስ እጥረት ባለበት ዋርድ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሰው ግን ክብደቱን ያውቀዋል።

ወርኃዊው አዲስ ተጠቂ ከ100,000 የታካሚ ቀናት 55.5 የነበረው በሜይ 2008 ወደ 11.7 ወረደ። በእርግጥ ይህን ቅናሽ የዘገበው ጥናት ከትእዛዙ በፊትና በኋላ ያለው የተነጻጸረበት እንጂ ማነጻጸሪያ ቡድን የነበረው አይደለም፤ ቅናሹን ሁሉ ለትእዛዙ መስጠት አይቻልም። ይሁንና የመለየት መመሪያው በደንብ በተከበረበት ስርጭቱ ይበልጥ መገታቱ ትእዛዙ ሥራ መሥራቱን ያመለክታል። ስለ መድኃኒት መላመድ ስንነጋገር ጣታችን ቶሎ የሚቀሰረው ወደ መድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ነው። እዚህ ግን ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዘዋወረው እጅ ቢያንስ የእሱን ያህል ተጠያቂ ነበር።

ባክቴሪያው ግን አልጠፋም። ተሸካሚዎች ለረጅም ጊዜ በሚቆዩባቸው የማገገሚያና የእንክብካቤ ተቋማት ተደላድሎ ነበር፤ ቁጥጥሩም ተከትሎት ወደዚያው ዘለቀ።