ከኋላ ቆሞ የሚመራው ቤዝ

ማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲያዜም አድማጭ ልቡን የሚሰጠው ለማህሙድ ነው፤ ይገባዋልም። ከድምፁ ሥር ግን ዘፈኑን ከመነሻው እስከ መድረሻው ተሸክሞ የሚጓዝ ቤዝ ጊታር አለ። ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ ይባላል፤ የአይቤክስ ባንድ መሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ የወጣው ይህ ሥራ በ1986 በቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ ታትሞ አውሮፓ ደረሰ። ብዙ የውጭ አድማጭ ከኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ጋር የተዋወቀው በዚያ ሸክላ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዘፈኑ በወጣ በዓመቱ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 አይቤክሶች ራስ ሆቴል ውስጥ ድምፃዊ የሌለበት ሙዚቃ ቀረጹ። ስሙንም «ስቴሪዮ ኢንስትሩሜንታል ሚዩዚክ» አሉት። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነበር፤ ሰዓት እላፊው የአዲስ አበባን የሌሊት ጨዋታ አዳክሞታል። በእንዲህ ያለ ጊዜ፣ ግጥም በሚወድ ሕዝብ መካከል፣ ያለ ግጥም ሙዚቃ መቅረጽ ድፍረት ይጠይቃል። ፊት የወጡት መሣሪያዎቹ ናቸው። ቤዙን ጆቫኒ፣ ሊድ ጊታሩን ሰላም ስዩም ይዘዋል። ሁለቱ ኋላ ባንዱ ሮሃ ተብሎ ሲታወቅም አልተለያዩም።

ቤዝ ተጫዋች የሚመራው ቡድን በጃዝ ዓለም ከዚያ በፊት የታወቀ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የ22 ዓመቱ ፖል ቻምበርስ ከፒያኒስቱ ሀንክ ጆንስና ከድራመሩ አርት ቴይለር ጋር ሆኖ፣ ጊታሪስቱን ኬኒ በሬልን ጨምሮ፣ ለሙዚቃ አሳታሚው ብሉ ኖት «ባስ ኦን ቶፕ»ን ቀርጿል። ካነሷቸው ዜማዎች አብዛኞቹ ሁሉም ሙዚቀኛ የሚያውቃቸው ነበሩ። ጀሮም ከርን በ1933 የደረሰውን «የስተርደይስ» ቻምበርስ ደብል ቤዙን በደጋን እየገዘገዘ ተጫወተው። ማሲንቆ ሲሰማ ያደገ የጎጃም ሰው ይህን ቅጂ ቢያዳምጥ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም። ደጋኑ ክሩን ሲነካ የሚወጣው ያ የሚያቃስት ድምፅ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ቤዝ ሲመራ ምን ይለወጣል ለሚል አንባቢ፣ የእኛው ቅኝት ጥሩ ማሳያ ነው። የትዝታን አምስት ድምፆች ውሰዱ። ጊታሩ አንዱንም ሳይለውጥ እየደጋገመ ይጫወታቸው። ቤዙ ከመነሻው ድምፅ ወርዶ በሌላው ላይ ሲያርፍ ያው ዜማ ሌላ ስሜት ይይዛል፤ የተጽናናው መልሶ ያዝናል። ጊታሪስቱ ያንን ሰምቶ መንገዱን ያስተካክላል፤ ድራመሩም ይከተላል። ውሳኔው የቤዙ ነው፤ አድማጭ ግን ማን እንደወሰነ አያውቅም።

የታወቀ ዜማ እየመላለሱ አዲስ ማድረግ ከጃዝ ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው መርጡለ ማርያም ይሂድ። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባሠራችው በዚያ ደብር፣ የማርያም በዓል ሲደርስ ማኅሌት ይቆማል። ዜማው አስቀድሞ የታወቀ ነው። መጀመሪያ በቁም ይባላል፣ ቀጥሎ በመቋሚያ እየተወዛወዙ በዝማሜ፣ ከዚያ ከበሮ ገብቶ በመረግድ፣ በመጨረሻም ፈጠን ብሎ በጽፋት። ቃሉ አልተነካም፤ ሰሚው ግን አራት ጊዜ ሌላ ነገር ሰምቷል። በዚያ ሰዓት ከበሮውን የሚመታው ፍጥነቱን ይዟል፤ መሪዎቹም ሆኑ ተቀባዮቹ እጁን ያያሉ። ማኅሌት ጸሎት ነው፣ ባንድም ባንድ ነው፤ ላምታታቸው አልፈልግም። ጆሯችን ግን እንዲህ ያለውን ጨዋታ የለመደው ከጥንት ነው፤ ይህን በሙሉ ልብ እላለሁ።

ዛሬም የታወቀ ዜማን አዲስ የማድረግን መንገድ የያዙ አሉ። በግሩም መዝሙር የሚመራው አዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት «ትውስታ» በተባለው አልበሙ እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹንና የ60ዎቹን ዘፈኖች መልሶ አንስቷል፤ አንጋፋው አየለ ማሞ በማንዶሊን፣ ሄኖክ ተመስገን በቤዝ ተጫውተዋል። ሄኖክ አሜሪካ በርክሊ ተምሮ ተመልሶ፣ ጃዝአምባ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን ከመሠረቱት አንዱ ነው። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝአምባ መድረክ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሳው እሳት ወድሟል።

የሚያሳዝነው የመሣሪያ ተጫዋቾች ስም አያያዝ ነው። በካሴት ዘመን ሽፋኑን የሚሞላው የድምፃዊው ፎቶ ነበር። ባንዱ ቢጠቀስ እንኳ «ሮሃ ባንድ» ተብሎ ይታለፋል፤ ቤዙን ማን ያዘ፣ ድራሙን ማን መታ፣ ብዙውን ጊዜ አልተጻፈም። በዚህ የተነሳ የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ የድምፃውያን ታሪክ ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ጉድለት ነው፤ መታረምም ይችላል፤ በየቀረጻው የነበሩ አንጋፋ ተጫዋቾች ዛሬም በመካከላችን አሉና። ቢቸናም ሞጣም መርጡለ ማርያምም፣ አዲስ አበባም ያላችሁ፣ የድሮ ካሴትና ሸክላ በእጃችሁ ካለ አትጣሉት። የሚያውቅ ሰው ፈልጉና በሽፋኑ ጀርባ የተጫዋቾቹን ስም አንድ በአንድ ጻፉበት፤ ከቤዙ ጀምሩ።