ታብሌትና ላፕቶፕ አንድ በነበሩበት ዘመን

ያጠራቀማትን ብር ቆጥሮ፣ ወይም ከውጭ የምትመጣ አክስቱ “ምን ላምጣልህ?” ብላው፣ ታብሌት ልበል ወይስ ቀለል ያለች ላፕቶፕ እያለ የሚጨነቅ ወዳጅ የሌለው ሰው አናውቅም። እኛንም በየጊዜው ይጠይቁናል። (ጋዜጠኝነት የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ ያስወራው ማን ይሆን?) መልስ ስንፈልግ ግን ሁሌም ታሪኩ ውስጥ እንገባለን፤ ሁለቱ ዕቃዎች ሲጀመር አንድ ሐሳብ ነበሩና። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልን።

በ1972 አለን ኬይ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ፣ ዜሮክስ ኩባንያ ካሊፎርኒያ በከፈተው የምርምር ማዕከል ሆኖ “ዳይናቡክ” የሚባል መሣሪያ ወረቀት ላይ ነደፈ። ደብተር የሚያህል፣ ልጅ የሚሸከመው፣ ጠፍጣፋ ስክሪን ያለው ዕቃ ነው። ሥዕሉን ስታዩት ታብሌት ትሉታላችሁ፤ ከስክሪኑ ሥር ግን እዚያው ላይ ኪቦርድ ተሠርቶለታል። ኬይ ልጆች እንዲያነቡበት ብቻ አልነበረም የፈለገው። እንዲጽፉበት፣ እንዲስሉበት፣ የራሳቸውን ፕሮግራም እንዲሠሩበት ጭምር እንጂ። ችግሩ፣ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ዕቃ መሥራት የሚያስችል ቴክኖሎጂ አልነበረም።

ሲቻል ደግሞ ሐሳቡ ለሁለት ተሰነጠቀ። በ1982 የወጣው ግሪድ ኮምፓስ ስክሪኑን ኪቦርዱ ላይ እንደ መጽሐፍ የሚከድን ሆነ፤ የላፕቶፕ ቅርጽ ያኔ ተያዘ። ያው ኩባንያ በ1989 ኪቦርዱን አውልቆ ጥሎ በብዕር የሚሠራ ግሪድፓድ አመጣ። ከዚያ አፕል በ1993 በኒውተን፣ ማይክሮሶፍት በ2002 በታብሌት ፒሲ ሞከሩት፤ ገበያው ፊት ነሣቸው።

ወደ እኛ አገር የመጣው ታሪክ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ይገርመናል። በ2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የተባሉት የኤምአይቲ ሰው ለድሃ አገር ልጆች ባለ 100 ዶላር ላፕቶፕ እንሠራለን ብለው ተነሡ። ዋጋው እንዳሉት 100 ላይ አልቆመም፤ ዕቃው ግን ተሠራ። ኤክስኦ ይባላል። አረንጓዴና ነጭ፣ ፀሐይ ላይ የሚነበብ፣ ስክሪኑ ዞሮ ሲታጠፍ እንደ ታብሌት የሚያዝ። የኬይ ሕልም ትንሽ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል። በ2008 ወደ 5 ሺህ የሚሆኑ ኤክስኦዎች ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ሲታደሉ፣ የአማርኛ ፊደል ያለበት ኪቦርድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ይህቺን ነጥብ ያዙልን።

አራት ዓመት ሳይሞላ ዓለም ተገለበጠ። በ2010 አይፓድ በ499 ዶላር ወጣ፤ ከ2007 ጀምሮ በአሱስ ኢ ፒሲ መሪነት ገበያውን ሞልተውት የነበሩት ትንንሽና ርካሽ ኔትቡኮች በጥቂት ዓመት ውስጥ ከመደርደሪያ ጠፉ። የኔግሮፖንቴም ድርጅት ሐሳቡን ቀየረ። ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ማንበብ ለማይችሉ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶች ሰጠ፤ ያለ አስተማሪ። በ2012 ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን ለማግኘት የፈጀበት 4 ደቂቃ ያህል ነበር፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተውታል። ዜናው ዓለምን ዞረ። እኛም በልጆቹ ኮርተናል፤ እውነት ነው።

ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። ታብሌቶቹ ውስጥ የነበረው የንባብ ትምህርት የእንግሊዝኛ ነበር፤ ልጆቹ የዘመሩትም ኤቢሲዲ ነው። ላፕቶፑ “ሀ”ን ጣታቸው ሥር ሊያኖር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ታብሌቱ የመጣው ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ሞልቶ ነው። ታብሌት በአማርኛ ጽላት ወይም ሰሌዳ መሆኑ አይደል? ሙሴም ከሲና ይዞት የወረደው ጽላት ተጽፎ ያለቀ ነበር።

ለማንበብ፣ ፊልም ለማየት፣ መብራት ሲጠፋ ለረጅም ሰዓት ለመቆየት ታብሌትን የሚያህል የለም፤ አንከራከርም። ነገር ግን የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው ዋና ዕቃው ኪቦርድ ነው። ስክሪን ላይ የሚወጣው ኪቦርድ ግማሹን ገጽ ይውጣል፤ በዚያ ላይ ሰባት ሰባት ቤት ያለውን ፊደላችንን በአንድ ጣት እየለቀሙ ሦስት ገጽ መጻፍ ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ኩባንያዎቹም ቢሆኑ ገብቷቸዋል። ማይክሮሶፍት በ2012 ሰርፌስን ኪቦርድ ከሚሆን ክዳን ጋር አመጣ፤ አፕልም በ2015 አይፓድ ፕሮን ሲያወጣ ኪቦርድ ሠራለት። ለብቻው ነበር የሚሸጠው ታዲያ፣ 169 ዶላር። ታብሌቱ ራሱ ከ799 ይጀምር ስለነበር ሁለቱ አንድ ላይ 968 ይመጣሉ። በዚያው ዓመት የአፕል ትንሿ ላፕቶፕ፣ ባለ 11 ኢንቹ ማክቡክ ኤር፣ ከነኪቦርዷ 899 ነበረች።