መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ለተነሳ ሰው

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ልጁ 18 ዓመት እንደሞላውና መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ እንደሆነ ነግሮኝ፣ «እስከዚያው እሑድ እሑድ በእኔ መኪና ቢለማመድ ምን አለበት?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ መልሱን እዚህ ባሰፍረው ይሻላል።

በቅድሚያ ስሙን እንመልከት። እኛ መንጃ ፈቃድ የምንለውን ሕጉ «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል። አዋጅ ቁጥር 600/2000 በዚህ ስም ወጣ፣ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1074/2010ም ስሙን አልለወጠም። እንግዲህ ፈቃዱ ተከፍሎበት የሚወሰድ ዕቃ ሳይሆን መንግሥት «ፈትኜዋለሁ፣ ይችላል» ብሎ ለሌላው መንገደኛ የሚሰጠው ምስክርነት ነው ማለት ነው።

አካሄዱ ይታወቃል። ለአውቶሞቢል 18 ዓመት መሙላት፣ የጤና በተለይም የዓይን ምርመራ፣ ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ንድፈ ሐሳቡንና ተግባሩን መማር፣ ከዚያ ፈተና። የንድፈ ሐሳቡን ብዙዎች ሸምድደው ያልፉታል። ላብ የሚያጠምቀው ዳገት ላይ ቆሞ መኪናዋ ወደ ኋላ ሳትንሸራተት መነሳት ነው፤ ፍሪሲዮን ቀስ አድርጎ እየለቀቁ፣ ነዳጅ እየሰጡ፣ የእጅ ፍሬኑን በሰዓቱ ማውረድ። (አውቶማቲክ ማርሽ የለመዱ በዚህ ይስቁ ይሆናል፤ እንጦጦ ግርጌ የሚኖር ግን አይስቅም።)

የወዳጄ ጥያቄ የሚነካው ሌላ ሕግ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ሕጉ ከሚተዋቸው ጥቂት ማምለጫዎች አንዱ መኪናው በወቅቱ ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት ነው። ቁልፉን በገዛ እጁ የሰጠ አባት ግን «ተሰረቅሁ» ሊል አይችልም።

ልጁስ? በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 መሠረት አሽከርካሪ በቸልተኝነት ሰው ቢገድል ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ አሽከርካሪው ሰክሮ ከነበረ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆነ ብሎ ከጣሰ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይሆናል። ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ መሪ የጨበጠ ልጅ፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ በከባዱ ንዑስ አንቀጽ ደጃፍ ላይ ቆሟል።

ደላላ ዘንድ የሚሄዱም አሉ። ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትም ሆነ በእሱ መገልገል ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራኝ ሳይማር በገንዘብ እውነተኛውን ፈቃድ ያወጣው ነው። ትራፊክ ፖሊስ ቢያስቆመው ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ሕፃን ድንገት መንገድ ሲያቋርጥ እግሩ ፍሬኑን ትቶ ነዳጁን ይረግጣል።

ፈቃዱን በወጉ ያገኘም ቢሆን ምድቡን ይመልከት። የአውቶሞቢል ፈቃድ ለአውቶሞቢል ነው። ሕዝብ፣ ደረቅ ጭነትና ፈሳሽ ጭነት የየራሳቸው ምድብ አላቸውና አጎቱ «እስከ ሰፈር አድርስልኝ» ብሎ የሚኒባስ ቁልፍ ቢሰጠው አይቀበል።